መድኃኒት የተላመደው የሳንባ ካንሰር፦ የሃያ ዓመት የሕክምና ታሪክ

በአማርኛ ‹‹ነቀርሳ›› የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ ሁለት በሽታዎችን ተሸክሞ ኖሯል። ‹‹የሳንባ ነቀርሳ›› ሲባል ሕዝቡ የሚረዳው በተለምዶ ቲቢ የሚባለውን ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ ‹‹ነቀርሳ›› ብቻ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ካንሰር ማለት ይሆናል። የቃሉ መደራረብ ያለ ምክንያት አይደለም። ሳሉ፣ ክሳቱ፣ ከአክታ ጋር የሚወጣው ደም፣ በራጅ ፊልም ላይ የሚታየው ጥላ ሁሉ ስለሚመሳሰል፣ በኢትዮጵያ የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው አስቀድሞ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ ወደ ካንሰር ሐኪም መድረሱ ለባለሙያዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ሁለቱን በሽታዎች የሚያገናኝ ከምልክታቸው የጠለቀ ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም ሁለቱም መጀመሪያ በተገኘላቸው ብርቱ መድኃኒት ከተሸነፉ በኋላ መልሰው ማንሠራራታቸው ነው። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ በአማርኛ ‹‹መድኃኒቱን ተላመደ›› ይሉታል።

የቲቢው ታሪክ የታወቀ ቢሆንም ለካንሰሩ ታሪክ መግቢያ ስለሚሆን በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1948 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስለ ስትሬፕቶማይሲን ያደረገውን ጥናት አሳተመ። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት 107 በሽተኞች ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ብቻ ነበሩ። አልጋ ላይ በማረፍ ብቻ ከታከሙት 52 ሰዎች ግን 14ቱ ሞቱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት አብዛኛው ጠፍቶ ተገኘ፤ የብዙዎቹ ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ነበርና። መፍትሔው ስትሬፕቶማይሲንን ፓስ ከተባለው መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቲቢን በአንድ መድኃኒት ብቻ ማከም እንደ ስሕተት ሲቆጠር ኖሯል።

እዚህ ላይ ‹‹ተላመደ›› የሚለውን ቃል ቆም ብሎ መመርመር ይገባል። በሬ ቀንበር ይለምዳል፤ የቆላ ሰው ደጋ ሲከርም ብርድ ይለምዳል። መልመድ ማለት አንድ ፍጡር ከተጫነበት ነገር ጋር ቀስ በቀስ እየተስማማ መሄዱ ነው። ሳልቫዶር ሉሪያ እና ማክስ ዴልብሩክ በ1943 ባሳተሙት ዝነኛ ሙከራ ያረጋገጡት ግን የተለየ ነገር ነበር። ባክቴሪያዎቹን የሚገድለው ቫይረስ ገና ሳይጨመር፣ ቫይረሱን የሚቋቋሙ ጥቂት ባክቴሪያዎች አስቀድመው በአጋጣሚ ተፈጥረው ነበር። ቫይረሱ ያደረገው ሌሎቹን ጠርጎ ሜዳውን ለእነዚህ መልቀቅ ብቻ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የቲቢው ባክቴሪያ መድኃኒቱን አልተላመደም፤ መድኃኒቱ የማይነካው ዘር ወረሰ እንጂ። ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው፤ ሁለቱንም የሚቋቋም አንድ ሕዋስ በአጋጣሚ የመፈጠሩ ዕድል እጅግ ጠባብ ነውና። በሳንባ ካንሰር ታሪክ ውስጥ ግን መላመዱም መውረሱም በየተራቸው እውነት ሆነው ተገኝተዋል።

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ድረስ ከሳንባ ወጥቶ የተሠራጨ ካንሰር የሚታከመው በፕላቲነም ላይ በተመሠረተ ኬሞቴራፒ ነበር። በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በጊዜው የነበሩትን አራት የኬሞቴራፒ ጥምረቶች ከ1,100 በላይ በሆኑ በሽተኞች ላይ አወዳድሮ አንዱም ከሌላው እንደማይበልጥ አሳየ። ዕጢው የቀነሰላቸው 19 በመቶ ሲሆኑ መካከለኛው የዕድሜ ጊዜ 7.9 ወር ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ ርቆ መሄድ እንደማይቻል ግልጽ ሆነ።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ጃፓን ጄፊቲኒብ ለተባለ እንክብል ፈቃድ በመስጠት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀደመች። መድኃኒቱ በሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኘውንና ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ተቀባይ ፕሮቲን ያግዳል። ይህ ፕሮቲን ከውጭ የዕድገት ምልክት ሲደርሰው ወደ ሕዋሱ ውስጥ ‹‹ተባዛ›› የሚል ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ነው። ምልክቱን የሚያመጣውን ንጥረ ነገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ስታንሊ ኮኸን በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ፕሮቲኑ ሥራውን የሚሠራው ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን የኃይል ሞለኪውል በአንድ ኪስ ውስጥ በመያዝ ሲሆን፣ ጄፊቲኒብ ያንን ኪስ ቀድሞ በመያዝ ትእዛዙ እንዳይተላለፍ ያደርጋል።

የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ዓመቶች ግራ የሚያጋቡ ነበሩ። በጃፓን ፈቃዱ ከተሰጠ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦክቶበር 2002፣ መድኃኒቱ በአንዳንድ በሽተኞች ላይ ለሞት የሚያደርስ የሳንባ ብግነት ስላስከተለ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በአሜሪካ በሜይ 2003 ፈቃድ ሲያገኝ ዕጢው የሚቀንስላቸው ሰዎች ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚያ ጥቂቶች ግን በኬሞቴራፒ ዘመን ያልታየ ለውጥ አሳዩ፤ በኦክሲጂን የሚተነፍስ ሰው በቀናት ውስጥ ተነሥቶ ሲሄድ ታየ። ከኬሞቴራፒ ጋር አጣምሮ ለሁሉም መስጠትም ተሞከረ፤ በ2004 የታተሙ፣ በድምሩ ከ2,000 የበለጡ በሽተኞችን የያዙ ሁለት ጥናቶች ምንም ጥቅም አላገኙም። በ2005 የወጣውና 1,692 በሽተኞችን ያካተተው ሌላ ጥናትም ጄፊቲኒብ ለሁሉም በጅምላ ሲሰጥ ዕድሜን በግልጽ እንደማያረዝም አሳየ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ አዲስ በሽተኛ በመድኃኒቱ እንዳይጀምር ተገደበ። መድኃኒቱ የሞተ መሰለ።

ያዳነው በ2004 የተገኘ እውቀት ነው። በቦስተን ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል፣ ሌላው በዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም፣ እንዲሁም ጥቂት ቆይቶ በኒው ዮርክ የሚገኘው የመሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ቡድን፣ መድኃኒቱ የሠራላቸውን በሽተኞች ዕጢ መርምረው በኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ጂን ውስጥ ሚውቴሽን አገኙ። የመጀመሪያው ቡድን መድኃኒቱ ከሠራላቸው 9 ሰዎች በ8ቱ ሚውቴሽኑን ሲያገኝ፣ ካልሠራላቸው 7 ሰዎች በአንዱም አላገኘም። ሁለተኛው ቡድን ከጃፓን ከመጡ 58 ዕጢዎች በ15ቱ፣ ከአሜሪካ ከተወሰዱ 61 ዕጢዎች ግን በአንዱ ብቻ አገኘው። ጃፓኖች በመድኃኒቱ ለምን ቀድመው እንደተደሰቱ ያን ጊዜ ታወቀ። በ2009 በምሥራቅ እስያ በ1,217 በሽተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ነገሩን ደመደመው፤ ሚውቴሽኑ ካላቸው ሰዎች 71 በመቶ ያህሉ ዕጢያቸው በጄፊቲኒብ ሲቀንስላቸው፣ ሚውቴሽኑ ከሌላቸው ግን የቀነሰላቸው አንድ በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለሆነም የሳንባ ካንሰር አንድ በሽታ መሆኑ ቀረ።

ደስታው ግን ከሐዘን ጋር ተያይዞ መጣ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ በሽታው በአብዛኛው ሰው ላይ ተመለሰ። በቦስተን የሚታከም አንድ በሽተኛ በጄፊቲኒብ ለሁለት ዓመት ከካንሰሩ ምልክት ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆኖ ከቆየ በኋላ አገረሸበት። ሐኪሞቹ እንደ ልማዱ ወደ ሌላ መድኃኒት ከመሻገር ፈንታ ከተመለሰው ዕጢ አዲስ ናሙና ወሰዱ። የመጀመሪያው ሚውቴሽን እንዳለ ነበር፤ በላዩ ላይ ግን ሁለተኛ ተጨምሮበታል። በፕሮቲኑ 790ኛ ቦታ ላይ ትሪዮኒን በሜቲዮኒን ተተክቷል። ይህ ለውጥ ቲ790ኤም ተባለ። የኒው ዮርኩ ቡድንም ይህንኑ በሌሎች በሽተኞች አግኝቶ ሁለቱም ዘገባዎች በአንድ ወር፣ በፌብሩዋሪ 2005፣ ወጡ።

ለደም ካንሰር ሐኪሞች ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት ሥር በሰደደ የሉኬሚያ በሽታ ላይ ሲሸነፍ በተመሳሳይ ቦታ ተመሳሳይ ለውጥ እንደሚገኝ በ2001 ታውቆ ነበር። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ይህን ቦታ የኪሱ በር ጠባቂ ይሉታል። በመጀመሪያ የታሰበው ሜቲዮኒን ገዘፍ ያለ በመሆኑ መድኃኒቱን ከበር ይመልሳል ተብሎ ነበር። በ2008 የተደረገ ምርምር ግን ዋናው ምክንያት ሌላ መሆኑን አሳየ፤ የተለወጠው ፕሮቲን ኤ.ቲ.ፒ.ን ከቀድሞው በበለጠ ኃይል ስለሚስብ መድኃኒቱ በውድድሩ ይሸነፋል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ለመድኃኒት ሠሪዎች ትልቅ ትርጉም ነበረው። በር የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ አነስ ያለ መድኃኒት መፈለግ ይበቃ ነበር። ጉዳዩ ውድድር ከሆነ ግን የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ከገባ የማይወጣ፣ ከፕሮቲኑ ጋር በኬሚካል ማሰሪያ የሚቆራኝ መድኃኒት ነው።

መንስኤው ከታወቀበት ከ2005 አንሥቶ ለእርሱ የተሠራ መድኃኒት እስከ ተፈቀደበት እስከ 2015 ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። የዚህ ታሪክ አስጨናቂው ክፍል ይህ አሥር ዓመት ነው። ሐኪሙ በሽታው ለምን እንደተመለሰ ያውቃል፤ ለበሽተኛው የሚሰጠው ግን የለውም። የመጀመሪያው ሙከራ አፋቲኒብን የመሰሉ የሚቆራኙ መድኃኒቶች ነበሩ። በቤተ ሙከራ ቲ790ኤምን ቢያሸንፉም፣ በጤናማው ቆዳና አንጀት ላይ ያለውን ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. አብረው ስለሚመቱ፣ በሽተኛው በሽፍታና በተቅማጥ ሳይሠቃይ ዕጢውን የሚያሸንፍ መጠን መስጠት አልተቻለም። በሌላ በኩል መድኃኒቱን ጨርሶ ማቋረጥም አደጋ ነበረው። በ2011 በወጣ ዘገባ መድኃኒቱን ካቆሙ 61 ሰዎች መካከል በ14ቱ ላይ በሽታው በድንገት ተቀስቅሶ ሆስፒታል አስገብቷቸዋል ወይም ገድሏቸዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሐኪሞች ኬሞቴራፒ ሲጀምሩ የቀድሞውንም እንክብል እንዲቀጥል ማድረግ ጀመሩ። ምክንያቱ የሚያሳምን ይመስል ነበር፤ ከዕጢው ከፊሉ አሁንም መድኃኒቱን ይፈራዋልና። በ265 በሽተኞች ላይ የተደረገው ጥናት በ2015 ሲታተም ግን ጄፊቲኒብን ከኬሞቴራፒ ጋር መቀጠል በሽታውን ለአንድ ቀን እንኳ አላዘገየም፤ በሁለቱም ወገን 5.4 ወር ሆነ። የመጨረሻው የዕድሜ ቁጥር ሲወጣማ የቀጠሉት 13.4 ወር፣ ያቋረጡት 19.5 ወር ሆነው ተገኙ። የሚያሳምን ምክንያት ብቻውን ስንት ጊዜ ሐኪምን እንዳሳሳተ ይህ አንድ ምስክር ነው።

በነዚያ ዓመቶች የተገኘው ዋና ትርፍ መድኃኒት ሳይሆን ልማድ ነበር፤ የተመለሰውን ዕጢ እንደገና የመመርመር ልማድ። ቀድሞ ካንሰር አንድ ጊዜ በናሙና ከተረጋገጠ በኋላ በሽተኛውን ዳግመኛ በመርፌ መውጋት እንደ ጭካኔ ይቆጠር ነበር። በእርግጥም ወደ ሳንባ የሚገባ መርፌ አየር አስገብቶ ሳንባውን ሊያኮማትር ይችላል። ነገር ግን በ2007 የቦስተን ተመራማሪዎች በአንዳንድ ዕጢዎች ውስጥ ሜት የተባለ ሌላ ጂን ተባዝቶ፣ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ቢታገድም ትእዛዙ በኋላ በር እየገባ መሆኑን ካሳዩ ወዲህ፣ ‹‹ተላመደ›› ብሎ ማለፍ አልተቻለም። በ2011 ከማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል የወጣው ዘገባ ዳግመኛ ናሙና የተወሰደባቸውን 37 በሽተኞች ይዟል። ቲ790ኤም በግማሽ ያህሉ፣ የሜት መባዛት በ5 በመቶው ተገኘ። ከሁሉ ያስደነገጠው ግን በ14 በመቶው የታየው ነው። የነዚህ ሰዎች ዕጢ የቀድሞው ዓይነት መሆኑ ቀርቶ ወደ ትንሽ ሕዋስ ካንሰር ተለውጦ ነበር። ይህ ዓይነት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፈጽሞ የተለየ፣ በአብዛኛው ከባድ አጫሾችን የሚይዝና በሌላ የኬሞቴራፒ ጥምረት የሚታከም በሽታ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ሚውቴሽን በውስጡ ስላለ ካንሰሩ ሌላ አዲስ ካንሰር እንዳልሆነ ይታወቃል። ሐኪሙ ናሙና ባይወስድ ኖሮ በተሳሳተ መድኃኒት ያክም ነበር።

መላመድ ወይስ መውረስ የሚለው ጥያቄም በዚያው ዘመን መልስ አገኘ። በ2010 በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ መድኃኒቱ አብዛኛውን የካንሰር ሕዋስ ሲገድል ጥቂቶቹ ምንም ሚውቴሽን ሳይኖራቸው እንደ ማንቀላፋት ብለው ይተርፋሉ። በ2016 የወጣ ሌላ ምርምር ደግሞ ቲ790ኤም በሁለት መንገድ እንደሚመጣ አሳየ። በአንዳንዱ ዕጢ ውስጥ ከሕክምናው በፊት ጀምሮ ነበረ፤ ሌሎቹ ሲሞቱ ወረሰ። በሌላው ግን መጀመሪያ አልነበረም፤ ካንቀላፉት ሕዋሳት መካከል በመድኃኒቱ ሥር እየኖሩ ሳለ ኋላ ተፈጠረ። ሉሪያና ዴልብሩክ ትክክል ነበሩ፤ የአማርኛውም ቃል ጨርሶ አልተሳሳተም።

ቲ790ኤምን የሚመታው መድኃኒት ኦሲመርቲኒብ ነው። በ797ኛው ቦታ ካለው ሲስቴይን ጋር ይቆራኛል፤ የተለወጠውን ፕሮቲን ከጤናማው ለይቶ ስለሚመታ ቆዳና አንጀትን በብዛት ይምራል፤ ወደ አንጎል ዘልቆ ስለሚገባም ወደዚያ ለተሠራጨ ካንሰር ይጠቅማል። የመጀመሪያው በሽተኛ የወሰደው በማርች 2013 ሲሆን የአሜሪካ ፈቃድ የተገኘው በኖቬምበር 2015 ነበር። አንድ መድኃኒት በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ከመጀመሪያው በሽተኛ እስከ ፈቃድ መድረሱ በካንሰር ሕክምና ታሪክ ብዙ አልታየም። ይህን ፍጥነት ያስገኘው የተለየ ብልሃት ሳይሆን ናሙናው ነው፤ መድኃኒቱ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። ቲ790ኤም በተገኘባቸው 61 በመቶ፣ ባልተገኘባቸው 21 በመቶ ዕጢው ቀነሰ። በ2017 የታተመው፣ 419 በሽተኞችን የያዘው ጥናት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲያወዳድረው በሽታው ሳይብስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 10.1 ወር ለ4.4 ወር ሆነ። በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ተስፋ የተጣለበት ሌላ መድኃኒት ነበር፤ በመጀመሪያው ዘገባ 59 በመቶ ተብሎለት፣ ውጤቱ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ እጅግ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ በ2016 ተጣለ። ያልተረጋገጠ ቁጥር ሰምቶ ለበሽተኛው የምሥራች የሚናገር ሐኪም ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

በዚህ ጊዜ የመርፌውም ጣጣ በከፊል ተቃለለ። ከዕጢው ወደ ደም የሚፈስሰውን ዲ.ኤን.ኤ. መርምሮ ሚውቴሽኑን የሚያገኝ ዘዴ በ2016 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከክንድ የሚቀዳ ደም ይበቃል። ይሁንና ምርመራው ቲ790ኤም ካለባቸው ከአሥር ሰዎች ሦስቱን ያህል ሊያመልጥ ስለሚችል፣ በደም ውስጥ ሲገኝ ይታመናል፤ ሲታጣ ግን ወደ መርፌው መመለስ ግድ ይሆናል። የትንሽ ሕዋስ ለውጥንም ደም ብቻውን አይናገርም።

በሌላው የሳንባ ካንሰር ዓይነት፣ አልክ የተባለው ጂን ከሌላ ጂን ጋር ተገጣጥሞ በሚያስነሣው ላይ፣ የተከሰተው አንድ ታሪክ ሰፋ ብሎ ቢነገር ይገባዋል። ጂኑን በሳንባ ካንሰር ውስጥ በ2007 ያገኘው የጃፓኑ የሂሮዩኪ ማኖ ቡድን ሲሆን፣ ክሪዞቲኒብ የተባለው መድኃኒት በ2011 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አንዲት በሽተኛ በክሪዞቲኒብ ተሽሏት ከቆየች በኋላ ዕጢው መድኃኒቱን የሚቋቋም ሚውቴሽን ይዞ ተመለሰ። ቀጣዩ ትውልድ የሆነው ሴሪቲኒብ አልረዳትም። ኬሞቴራፒ ለጊዜው ጠቀማት። ከዚያ ገና በሙከራ ላይ የነበረው ሎርላቲኒብ ተሰጣትና ዕጢው እንደገና ቀነሰ። በመጨረሻ እርሱም ሲሸነፍ ጉበቷ መሥራት እያቆመ ነበር። በዚህ ደረጃ ብዙ ሐኪም ዘመዶችን ጠርቶ ማነጋገርን ይመርጣል። የሚያክሟት ሐኪሞች ግን ዳግመኛ ናሙና መረመሩ። በቀድሞው ሚውቴሽን ላይ ሌላ ተጨምሮ አገኙ፤ አዲሱ ለውጥ ሎርላቲኒብን ከኪሱ ሲያስወጣ፣ ባልታሰበ አጋጣሚ ለመጀመሪያው መድኃኒት፣ ለክሪዞቲኒብ፣ ኪሱን መልሶ ምቹ አድርጎለት ነበር። ከዓመታት በፊት የተሸነፈው መድኃኒት እንደገና ተሰጣት። ጉበቷ አገገመ፤ ሕመሟም ለወራት ቀለለ። ዘገባው በ2016 መግቢያ በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ፈውስ አልነበረም፤ በሽታው ኋላ ተመልሷል። ግን ‹‹ይህን መድኃኒት ሞክረነዋል፤ ከእንግዲህ አይሠራም›› የሚለው አነጋገር ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የነበረውን ክብደት አጥቷል።

ኦሲመርቲኒብም በተራው ተሸነፈ። በ2015፣ ፈቃዱ ገና ሳይሰጥ፣ መድኃኒቱ የሚቆራኝበት ሲስቴይን በሴሪን ተተክቶ በበሽተኞች ደም ውስጥ ተገኘ። ማሰሪያ የሚያስሩበት ችካል ተነቀለ ማለት ነው። ስሙ ሲ797ኤስ ነው። እዚህም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቲ790ኤም እና ሲ797ኤስ በሁለቱ የጂን ቅጂዎች ላይ ለየብቻ ከተቀመጡ፣ ጄፊቲኒብና ኦሲመርቲኒብ አንድ ላይ ሲሰጡ ሁለቱን መያዝ ይችላሉ፤ በአንድ ቅጂ ላይ ተደራርበው ከተቀመጡ ግን ሁለቱም መድኃኒቶች ምንም አያደርጉም።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ክርክር መድኃኒቶቹን የማሰለፍ ጉዳይ ነበር። አንደኛው ወገን ኦሲመርቲኒብ ለክፉ ቀን ይቀመጥ፣ መጀመሪያ ጄፊቲኒብ ይሰጥ፣ ቲ790ኤም ሲመጣ ብርቱው መድኃኒት ይውጣ አለ። ለእህል ጎተራ የሚሠራ ጥበብ ነው። ሌላው ወገን ብርቱው አስቀድሞ ይሰጥ አለ። 556 በሽተኞችን የያዘው ጥናት በ2018 ሲታተም ኦሲመርቲኒብን አስቀድመው የወሰዱት በሽታው ሳይብስባቸው 18.9 ወር፣ ሌሎቹ 10.2 ወር ቆዩ። በ2020 የወጣው የዕድሜ ቁጥርም 38.6 ወር ለ31.8 ወር ሆነ። ጎተራው ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ በቀድሞው መድኃኒት ከታከሙት ብዙዎቹ ለሁለተኛው ሳይደርሱ ሞቱ ወይም ደከሙ፤ ከደረሱትም በግማሽ ያህሉ ላይ ቲ790ኤም ስለማይገኝ የተቀመጠው መድኃኒት አይሆናቸውም። ኦሲመርቲኒብ አስቀድሞ ሲሰጥ ቲ790ኤም ጨርሶ አይታይም። በምትኩ ሜት ተባዝቶ በ15 በመቶው፣ ሲ797ኤስ በ7 በመቶው ደም ውስጥ ተገኘ። በሌሎቹ አብዛኞቹ ላይ አንድ ግልጽ ምክንያት አልተገኘም። ይህ እስከ ዛሬ የሳንባ ካንሰር ሐኪሞችን የሚያስቸግር ጉዳይ ነው፤ ስሙ የሚታወቅ ጠላት ለነበራቸው ሰዎች ስም የሌለው መጣባቸው።

ሰውነት በራሱ መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርጉት መድኃኒቶች በሌሎች የሳንባ ካንሰር ዓይነቶች ላይ ታላቅ ለውጥ ቢያመጡም፣ እዚህ አልተሳካላቸውም። በ2023 ውጤቱ የተነገረው፣ 492 በሽተኞችን የያዘው ጥናት ፔምብሮሊዙማብን በኬሞቴራፒ ላይ መጨመር በቂ ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል።

የቲቢው ትምህርት ወደ ሳንባ ካንሰር የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከተመለሱባቸው ቦታዎች አንዱ የሙምባዩ ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል መሆኑ ሊጠቀስ ይገባል። በሕንድ ኦሲመርቲኒብ ለአብዛኛው በሽተኛ የማይቀመስ ነበር። ሐኪሞቹ በርካሽ የሚገኘውን ጄፊቲኒብ ሚውቴሽኑ ለተረጋገጠባቸው 350 በሽተኞች ሰጥተው፣ ለግማሾቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኬሞቴራፒ አከሉበት። በ2020 የታተመው ውጤት በሽታው ሳይብስ የቆየበት ጊዜ 8 ወር ከነበረበት ወደ 16 ወር ማደጉን አሳየ፤ ዕድሜም ረዘመ። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ግን በእጥፍ በልጧል፤ 51 በመቶ ለ25 በመቶ ነው። በ2004 ከሽፎ የነበረው ሐሳብ ይኸው ራሱ ነበር። ያን ጊዜ የከሸፈው ለማን እንደሚሰጥ ባለመታወቁ ነው። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ጥናቶች ስለመጡ በቀጥታ ማወዳደር ባይፈቀድም፣ አሮጌውና ርካሹ መድኃኒት ከጓደኛ ጋር ሆኖ ከውዱ መድኃኒት ብዙም ሳይርቅ መቆሙን መድኃኒት በሚወደድባቸው አገሮች ያሉ ሐኪሞች ልብ ሳይሉት አልቀሩም።

በባለጸጎቹ አገሮችም መንገዱ ወደዚያው አመራ። ኦሲመርቲኒብ ከመጀመሪያው ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ መካከለኛው ዕድሜ 47.5 ወር፣ ብቻውን ሲሰጥ 37.6 ወር መሆኑ በ2025 ተገለጸ። በዚያው ዓመት ኢ.ጂ.ኤፍ.አር.ንና ሜትን አንድ ላይ የሚይዘው አሚቫንታማብ ከላዘርቲኒብ ጋር ሆኖ ከኦሲመርቲኒብ ይልቅ ዕድሜን እንደሚያረዝም ታተመ። የኋላው በር አስቀድሞ በመዘጋቱ የሜት መባዛትም ሆነ ሲ797ኤስ በነዚህ በሽተኞች ላይ እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የቆዳ ቁስል፣ የጥፍር ሥር መቁሰልና የደም ሥር መርጋት በብዛት ይመጣሉ። አስቀድመው ኦሲመርቲኒብን ብቻ ወስደው ለተሸነፉት ደግሞ አሚቫንታማብን ከኬሞቴራፒ ጋር መስጠት በሽታው የሚቆምበትን ጊዜ ከ4.2 ወር ወደ 6.3 ወር ስላራዘመ በ2024 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኬሞቴራፒን በፀረ እንግዳ አካል ላይ አስረው ወደ ዕጢው የሚልኩ መድኃኒቶችም ገብተዋል፤ ከነዚህ አንዱ የሆነው ዳቶፖታማብ ዴሩክስቴካን በጁን 2025 ፈቃድ ሲያገኝ፣ ሌላው ዕድሜ ማርዘሙን ስላላሳየ የፈቃድ ማመልከቻው አንድ ወር ቀደም ብሎ ተነሥቷል።

ሁለት ወር ከጥቂት ቀን በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። በሐኪሙ ፊት የተቀመጠው በሽተኛ አስቀድሞ ሦስት ዓመት ከካንሰሩ ጋር ኖሮ፣ ልጅ ድሮ፣ ሥራ ውሎ የገባ ሊሆን ይችላል፤ በ2002 ለእንዲህ ያለው ሰው የሚጠበቀው ስምንት ወር እንኳ የማይሞላ ነበር። በሽታው አሁን ሲመለስበት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ በ2005 ቦስተን ላይ የተጠየቀው ነው፤ አዲስ ናሙና ከየት ይወሰድ፣ ከደሙ ወይስ ከዕጢው።